አልደፈርስ ያለው ውሃ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጎረቤቶቼ "ኧረ አንቺ ሴት፣ አሁን እንኳ እረፊ!" ይሉኛል። እኔስ አርፌ ነበር፤ እጄ ነው ያላረፈው። ብርጭቆ ባየሁ ቁጥር ወደ መስኮት አንስቼ አዘነብለዋለሁ። ውሃው በአንድ ገጽ ተንሸራቶ ካልወረደ፣ እዚህም እዚያም ጠብታ ሆኖ ከቀረ፣ "ይሄ አልታጠበም" ብዬ እመልሳለሁ። በቀደም ሰርግ ቤት ይህንኑ አድርጌ የሙሽራዋ አክስት ተቀየመችኝ። ምን ላድርግ? ዕድሜዬን ሙሉ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ሙያዬ ዕቃ ማጠብ፣ ውሃ ማጣራትና ሰው መቆጣት ነው። ለቁጣው ደሞዝ አይከፈለኝም ነበር፤ እሱን በፈቃዴ ነው የሠራሁት።

ሥራ የጀመርኩት ሉማሜ አካባቢ በአንድ ትምህርት ቤት ነው። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን ዕቃ ይሰበራል ብለው ይሰጋሉ። የላብራቶሪውን ቁምሳጥን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ያኖሩታል። ተማሪው በመስተዋቱ አፍንጫውን ለጥፎ ፍላስኩንና ጠብታ የሚወርድበትን ረጅም የመስተዋት ቱቦ፣ ቢዩሬቱን፣ አይቶ ይመለሳል። "ጋሼ፣ አንድ ቀን እንኳ እንክፈትላቸው" ስላቸው "የሺ፣ ተሰብሮ ከሚቀር ታይቶ ቢቀር አይሻልም?" ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ያልተነካ ዕቃ አቧራ ስጠርግ ከረምኩ። በኋላ ዝውውር ጠይቄ፣ ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ቆይቶ፣ ደብረ ማርቆስ አንድ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ክፍል ገባሁ። ዶክተር ሙሉቀንን ያገኘኋቸው እዚያ ነው።

የመጀመሪያ ቀን አንድ ፍላስክ ሰጡኝና "እጠቢልኝ" አሉ። አጥቤ ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ አዘንብለው አዩና ምንም ሳይናገሩ መለሱልኝ። ደግሜ አጠብኩ። መለሱልኝ። ቆጣ ብዬ "ታጥቦ እኮ ነው ዶክተር!" ስላቸው፣ "እኔ አይደለሁም ያልታጠበ ያልኩሽ፣ ውሃው ነው" አሉና ጠብታዎቹን አሳዩኝ። ንጹሕ ብርጭቆ ላይ ውሃ አይቆራረጥም። ያን ቀን እስከ ምሳ ሰዓት አንድ ፍላስክ ሳጥብ ዋልኩ፤ በሆዴ ረግሜያቸዋለሁ። በወሩ እኔም ሌላውን እንዲህ እመልስ ጀመር።

ሰውየው የደብረ ወርቅ አካባቢ ልጅ ናቸው፤ ዘመናዊ ትምህርት ሳይጀምሩ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ከቅኔው ምን ያህሉን እንደሚያስታውሱ አላውቅም፤ ከየኔታቸው ዘንድ ይዘውት የመጡት ግን አንድ ነገር ዓይን ዓይኑን እያዩ መቆየትን ነው። ቢዩሬቱን ከፍተው አንድ ጠብታ ያወርዱና እጃቸውን ሰብስበው ይቀመጣሉ። ተማሪ ቢቸኩል "ጠብ አደረግህ አይደል? እንግዲህ ፈሳሹ ያስብበት" ይሉታል። አንድ ጥቁር ካፖርት ነበራቸው፤ ክርኑ የተበላ። ሚስታቸው ሊጥሉባቸው ሲሉ እንደ ልጅ ተደብቀው ላብራቶሪ አምጥተው ሰቀሉት። ለምን ቢባል፣ ውሃ መደፍረስ ሲጀምር ዓይን የሚይዘው ከኋላው ጥቁር ነገር ሲኖር ነው። ካፖርቱን ለብሰው ክንዳቸውን ፈሳሹ ካለበት ብርጭቆ፣ ከቢከሩ፣ ኋላ ይዘረጉና ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። እኛም ትንፋሻችንን እንውጣለን።

የዕድሜ ልክ ሥራቸው ምን መሰላችሁ? ሳሙናና ክር። ውሃ ውስጥ የገባ ሳሙና፣ በቂ ከሆነ፣ ቅንጣቶቹ ጅራታቸውን ወደ ውስጥ ራሳቸውን ወደ ውጭ አድርገው ይሰበሰቡና ትንንሽ ኳስ ይሆናሉ። ሚሴል ይሉታል። የአንዳንዱ ሳሙና ኳስ ውጫዊ ገጹ ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው፤ የአንዳንዱ ደግሞ ምንም የለውም። በሌላ በኩል ፖሊመር የሚባል ረጅም ክር አለ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፖዘቲቭ ቻርጅ የተሸከመ። እነዚህ ሁለቱ መፈላለግ አለባቸው፣ አይደል? ይፈላለጋሉ፤ ግን ዝም ብሎ አይደለም። ቻርጅ ከሌለው ሳሙና ተነስታችሁ ቻርጅ ያለውን በጠብታ በጠብታ ስትጨምሩበት፣ ክሩ መጀመሪያ ኳሶቹን ከነመኖራቸውም የሚያውቅ አይመስልም፤ ውሃው ጥርት እንዳለ ነው። ቻርጁ ከአንድ ልክ ሲደርስ ግን ክሩ እንዝርት ላይ እንዳለ ፈትል ይጠመጠምበታል፤ ውሃውም በዓይናችሁ ፊት ይደፈርሳል። ዶክተር የሚፈልጉት ያችን ልክ ነው። "ከዚህ በታች እንግዳ፣ ከዚህ በላይ ዘመድ" ይሉ ነበር። ለመድኃኒትም፣ ውሃ ለማጣራትም፣ ለጸጉር ሳሙናም ይጠቅማል ይላሉ። እኔ ለምን እንደሚጠቅም ሳይነግሩኝም ወድጄው ነበር።

ጡረታዬ ሲቃረብ ማስተዋል መጣች። ሳያት ደነገጥኩ፤ ያኔ በቁምሳጥኑ መስተዋት አፍንጫዋን ስትለጥፍ የነበረች ልጅ ናት! አሁን እዚያው ሉማሜ የኬሚስትሪ መምህርት ሆና፣ የትምህርት ፈቃድ አግኝታ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ነው የመጣችው። ፈቃዱ ጊዜው የተቆረጠ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ ጥናቷን ካላቀረበች ያለ ዲግሪ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። ዶክተር ያችን የሚወዷትን ልክ እንድትለካ ሰጧት። እጇ የተባረከ ነው፤ አትንቀጠቀጥም፣ አትቸኩልም። የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮቿ አንዱ በሌላው ላይ ገጠሙ። ዶክተር ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሷት። እኔ ያን ካፖርት ስነካ እንኳ ይቆጡኝ ነበር፤ ቅናት ቢጤ ተሰማኝ፣ እውነቱን ልናገር።

ከዚያ መብራት መጥፋት ጀመረ። የውሃ ማጣሪያው በመብራት ነው የሚሠራው፤ ሥራው በየቀኑ ይቋረጣል። ልጅቷ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ "አይደርስልኝም፣ እትዬ የሺ" እያለች አለቀሰች። መብራቱ ሲስተካከል ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ፤ ውሃው አልደፈርስ አለ። በፊት የሚደፈርስበት ልክ ላይ ይደርሳል፣ ጥርት እንዳለ ነው። ጠብታ ትጨምራለች፣ ጥርት ያለ ነው። ብዙ ቆይቶ ነው የሚደፈርሰው። በሚቀጥለው ሳምንት ከዚያም ይዘገያል። በሚቀጥለው ደግሞ ይብሳል። ዕቃውን ሁሉ እኔ ራሴ ደግሜ አጠብኩ። አዲስ ፖሊመር አስከፈትን። ውሃው ጨው እንዳለበት የሚነግረን መሣሪያ ዘንጉ ተሰንጥቆ አዲስ አበባ ለጥገና ከሄደ ቆይቷል፤ ደብዳቤ ስንጽፍ "በሂደት ላይ ነው" ይሉናል። ውሃውን የማጣራው እኔ ስለሆንኩ ማንም በውሃው አልጠረጠረም። ልጅቷ ትለካለች፣ ታለቅሳለች፤ ታለቅሳለች፣ ትለካለች።

ጥናቱ የሚቀርብበት ቀን ተሰረዘ። ማስተዋል ሻንጣዋን ይዛ ወደ ሉማሜ ተመለሰች። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋት። ይባስ ብሎ፣ እሷ በሄደች በሁለተኛው ሳምንት ዶክተር ራሳቸው ቢለኩት ውሃው በመጀመሪያው ልክ ላይ ቁጭ ብሎ ደፈረሰ! ይህን የሰማው የክፍሉ ኃላፊ ስብሰባ ላይ እንዲህ አለ፦ "ልጅቷ ወይ መለካት አትችልም፣ ወይ ቁጥሩን ከራሷ ፈጥራዋለች።" ኃላፊው ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ደንብ የሚወድ ሰው ነው። ጨምሮም "የላብራቶሪውን ውሃም ሆነ ኬሚካል ሥራው ያልሆነ ሰው ነክቶ ባገኝ በዚያኑ ቀን አሰናብተዋለሁ" ብሎ አስጠነቀቀ። ዶክተር ተነስተው ይሟገቱላታል ብዬ ስጠብቅ አቀርቅረው ዝም አሉ። በዚያ ዝምታቸው አዘንኩባቸው። ቁጥር ፈጠረች የተባለች መምህርት የት ሄዳ ነው ተማሪ ፊት የምትቆመው?

እሷ ግን እጅ አልሰጠችም። ፈቃዷ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ደውላ "ቅዳሜ ልምጣና እናንተ እያያችሁኝ አንድ ጊዜ ልለካ" አለች። ዶክተር እሺ አሉ። ያን ቅዳሜ ውሃውን አስቀድሜ ላዘጋጅ ብዬ ማልጄ ገባሁ። በሩን ስከፍት የጽዳት ሠራተኛችን እታለም ስንዱ የተጣራው ውሃ የሚቀመጥበትን ጀሪካን ክዳን ከፍታ፣ ከነጠላዋ ሥር ያወጣችውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ዘቅዝቃ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታፈሳለች።

"እታለም! ምን እያደረግሽ ነው?"

"እሽሽ! ጸሎቴን አቋረጥሽኝ እኮ!"

"ምንድን ነው እሱ?"

"ጠበል ነዋ! ምን መሰለሽ? ለዚያች ልጅ ነው። እንባዋ አንጀቴን በላው። መብራት በጠፋ ጊዜ ስታለቅስ አየሁና ጥቂት ጠብ አደረግሁላት። ባሰባት። ሲብስባት ጨመርኩላት። ብጨምርላትም ባሰባት! ሄዳ ሰነበተች አይደል? ዛሬ ትመጣለች ሲሉ ሰማሁና ይኸው ሙሉውን ጠርሙስ አመጣሁላት።"

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። መሳቅ ይሁን ማልቀስ አላወቅሁም። እታለም ስንዱ የዲማ በኩል ሰው ናት፤ ታላቄ ናት፤ ልጅ የላትም፤ በኮንትራት ነው የምትሠራው። ጠበሉን አገሯ ስትሄድ ነው የምትቀዳው፤ ጨው ጨው የሚል ጠበል ነው። እኔም ጉልበቴን ሲያመኝ ሰጥታኝ ጠጥቻለሁ፤ በጠበል የምቀልድ ሴት አይደለሁም። ግን እኛ አንዲት ቅንጣት ጨው እንዳትገባ ስንጠነቀቅ የኖርንበት ጀሪካን ነው!

ዶክተር ሲመጡ ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው "ወይኔ ልጄን! ጠረጠርኳት እኮ፣ የሺ" አሉ። ድምፃቸው ሲሰበር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። መነጽራቸውን መልሰው አድርገው "ጥሪልኝ እታለምን" አሉ። "ኧረ ዶክተር፣ ሴትዮዋን አያስከፏት" ብል "ከእሷ አልደብቀውም፤ በዓይኗ ትየው" አሉኝ።

ሁለት ቢከር አዘጋጁ፤ አንዱ በጥሩ ውሃ፣ አንዱ ጠበል ጠብ ባለበት። እታለም ስንዱ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች። ዶክተር በጥቁሩ እጅጌ ፊት ጠብታውን ማውረድ ያዙ። የመጀመሪያው ደፈረሰ፤ ሁለተኛው በዚያው ልክ ላይ ጥርት እንዳለ ቀረ። "ጨው ሲኖር ትንንሾቹ ቻርጆች መካከል ገብተው ክሩንና ኳሱን ይጋርዷቸዋል፤ ስለዚህ አይያያዙም፣ ወይም በጣም ዘግይተው ነው የሚያያዙት" አሏት ቀስ ብለው።

እታለም ስንዱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። "እና እኔ ነኝ ልጅቷን ሳስለቅሳት የከረምኩት?"

"እርስዎ አይደሉም። ውሃውን ሳንፈትሽ ሰው የጠረጠርን እኛ ነን።"

ጎንበስ ብላ ጥርት ያለውን ቢከር አየች። ከዚያ "እንግዲህ ጠበሉ ክሩን ከኳሱ ለቀቀው ነው የሚሉኝ? ይሄማ ልማዱ ነው! የታሰረ መፍታት አይደል ሥራው?" አለች። ያን ጊዜ ዶክተር ሳቁ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ማስተዋል በሩን ከፍታ ስትገባ ሦስታችንም እየሳቅን አገኘችንና ክው አለች፤ ሁሉንም ነገርናት።

እግዜር ይስጣት፣ ልጅቷ ከእያንዳንዱ ሙከራ የተረፈውን ውሃ በትንንሽ ጠርሙስ አስቀምጣ ነበር። ከሌላ መሥሪያ ቤት መለኪያ ተውሰን ጨውን ለካን። ከዚያ ንጹሕ ጨው እየመዘነች በየልኩ ጨምራ ሁሉንም እንደገና ሠራችው። ጨው በጨመረ ቁጥር ክሩ ለመጠምጠም የሚፈልገው ቻርጅ ከፍ ይላል። እነዚያ ያለቀሰችባቸው ቁጥሮች ሁሉ ቦታ ቦታቸውን አገኙ። "ለካ ውሸታም አልነበርኩም" አለችኝ። "ማን ብሎሽ!" ብዬ ተቆጣሁ፤ ዞሬም የታጠበ ፍላስክ ማጠብ ያዝኩ።

አንድ ነገር ቀረ፤ የጨው ምንጭ። ኃላፊው ካወቀ እታለም ስንዱ ያለቀላት ናት። ማስተዋል "ስማቸውን አልጠራም፤ ውሃው ንጹሕ አልነበረም ብዬ አልፈዋለሁ" አለች። ዶክተር ከበዳቸው፤ ግን እሺ አሉ።

ፈቃዷ ሊያልቅ በጣት የሚቆጠር ቀን ሲቀረው ጥናቱ ቀረበ፤ አዳራሹ ሞላ። እታለም ስንዱ ለልጅቷ ድፎ ዳቦ ጋግራ መጥታ፣ ከኋላ ለስላሳ መጠጡ ዘንድ ተቀምጣለች። ከሌላ ከተማ የተጋበዙት ፈታኝ ሽበታም፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። ማስተዋል በደንብ አቀረበች። ሰውየው ወረቀቱን ገልጠው ገልጠው አንድ ቦታ ጣታቸውን አሳረፉ።

"ቀድሞ በተበላሸው ሙከራ ውሃ ውስጥ የገባው ጨው ከየት መጣ?"

"ውሃው ንጹሕ አልነበረም።"

"እሱን አነበብኩት። ከየት መጣ?"

ማስተዋል ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሳችም።

"ልጄ፣ ቁጥሮችሽ ያምራሉ። ግን በየሳምንቱ እየጨመረ የመጣ፣ አንቺ ስትሄጂ የጠፋ፣ ምንጩ የማይታወቅ ጨው! ይህን ማን ይቀበልሻል? እኔ ካልነገርሽኝ አልፈርምም።"

ኃላፊው ከፊት ወንበር ላይ ብዕሩን ይዞ ያያታል። ዶክተር ከወንበራቸው ብድግ ብለው ተቀመጡ። ልጅቷ ወረቀቷን አጥፋ "አልናገርም፣ ይቅርታ" አለች። አለቀላት ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"እኔ ነኝ!"

ሁሉም ዞረ። እታለም ስንዱ ዳቦውን ትታ ተነስታለች። "ልጅቷን አያጨናንቋት። ጠበል ነው። እኔ ነኝ ስታለቅስ እያየሁ የጨመርኩት። ብዙ ባለቀሰች ቁጥር ብዙ ጨመርኩ። እሷ አታውቅም ነበር። የምታባርሩ ከሆነም እኔን ነው።"

ማንም አልሳቀም። ፈታኙ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው ወረቀቱን አዩ፤ አንገታቸውን ነቀነቁ። "በየሳምንቱ ለምን እንደጨመረ አሁን ገባኝ" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እናቴ፣ የወገብ ሕመም ይፈውሳል ይላሉ?" ሲሉ ነው አዳራሹ የፈነዳው። ኃላፊው ብቻ አልሳቀም። ሳቁ ሲበርድ "እታለም፣ ለምን አልነገሩኝም?" አላት።

"ያባርሩኛል ብዬ ነዋ!"

ግንባሩን አሸ። ጆሮው ሳይቀር ቀልቷል። "ማንም አይባረርም" አለ። ወዲያው ወደ ማስተዋል ዞሮ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "አንቺንም ያለ ማስረጃ ስምሽን አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ" አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወድጄዋለሁ።

ፈታኙ ፈረሙ። ሰዉ ወደ ውጭ ወጥቶ ልጅቷን ሲያቅፍ፣ ሲያጨበጭብ፣ እታለም ስንዱ ግቢው ዳር ካለው ጽድ ሥር ለብቻዋ ቆማ አየኋት። ስጠራት አልመጣ አለች። ማስተዋል ሰዉን ትታ እየሮጠች ሄደችና ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ አለች።

"ተይ ልጄ፣ ተይ! ምን በወጣሽ! ባንቺ ላይ ያን ሁሉ መከራ ያመጣሁት እኔ… እኔ እኮ እንዲያልፍልሽ ብዬ ነበር።"

ማስተዋል ቀና አላለችም። ፊቷን ከእታለም ስንዱ ቀሚስ ውስጥ እንደቀበረች፣ "አለፈልኝ እኮ! ይዩኝ፣ እታለም፤ አለፈልኝ" ትላታለች። እታለም ስንዱ ደግሞ እሷም እያለቀሰች፣ በሁለት እጇ የልጅቷን ራስ አቅፋ፣ "ኧረ ቀና በይ፣ ሰው ያያል" ትላት ነበር።